ከአዳም በፊት የዘነበ

በነጭ አፈር ኪዳነ ምሕረት አጥቢያ አዲሱ ቦኖ ከተመረቀ ወዲህ ጀሪካኑን ከሥሩ ያስቀመጠ ሰው አልታየም። ውኃው ጠፍቶ አይደለም። ቧንቧውን ከፈት ያደረገ ሁሉ ያየዋል፤ መጀመሪያ እንደሚያስነጥሰው ሰው ትንፍስ ትንፍስ ይልና ቀጥሎ ጥርት ብሎ፣ ለብ ብሎ፣ ያለ ችኮላ ይወርዳል። ሰው ግን አይቶት ያልፋል። ሴቶቹ አህያቸውን እየነዱ፣ ቦኖውን በስተቀኝ ትተው ወደ ሸለቆው ይወርዳሉ፤ ከዝንጀሮና ከከብት ጋር ከሚሻሟት ኩሬ ቀድተው፣ ፀሐይ አናት ስትበሳ በዚያው በቦኖው በኩል ይመለሳሉ። ሲያልፉ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ የተኛ ሰው ያለበት ቤት ደጃፍ እንደሚያልፍ ሰው።

ነጭ አፈር ከቁይ ገበያ ቁልቁል ግማሽ ቀን ያህል የሚያስኬድ፣ ወደ ዓባይ በረሃ የተንጠለጠለ ሜዳ ነው። ከበላዩ ጥቁሩ የደጋ ገደል እንደ ግንብ ቆሟል። ክረምት ሲገባ ደመናው እዚያ ላይ ይቀራል። ደብረ ማርቆስ በዝናብ ስትታጠብ ነጭ አፈር የሚደርሰው ነጎድጓዱ ነው። አይናዲስ የምትባል፣ ምላሷ የማያርፍ ጎረቤት፣ ከደጋው ዝናብ ለእኛ የተመደበልን ወሬው ነው ትላለች። ከገደሉ እግር ሥር ትንሽ ምንጭ ነበረች፤ ቤተ ክርስቲያኑም መንደሩም የሚጠቀመው ከእሷ ነበር። ዝናቡ ዓመት በዓመት እየሳሳ ሲሄድ ምንጯም ሳሳች፣ እንደ ክር ቀጠነች፣ አምና ደረቀች። ስለዚህ ጥልቁ ጉድጓድ ተቆፍሮ ውኃ የወጣ ዕለት እልልታው ከሸለቆው ማዶ ተሰምቶ ነበር።

ያን እልልታ ያቆመው የኔታ አካለ ወልድ የተናገሩት አንድ ቃል ነው።

የኔታ የአጥቢያው ቄስም የዘመን ቆጠራ መምህርም ናቸው። አዲስ ዓመት ሲመጣ ጾሙ መቼ እንደሚገባ፣ ፋሲካ በየትኛው ቀን እንደሚውል ለመስማት ከሦስት አጥቢያ ሰው ይሰበሰባል፤ እርሳቸውም ዓለም ከተፈጠረ ጀምሮ ያለውን ዓመት እንደ ግል ገንዘባቸው ያውቁታል፤ ሰባት ሺህ አምስት መቶ ከዚያም ትንሽ ከፍ ያለ። ቁጥር በሰሙ ጊዜ አውራ ጣታቸው ሳያዙት በሌሎቹ ጣቶች አንጓ ላይ ይሄዳል። ገበያ መካከል ሰው የበግ ዋጋ ሲጠራ እንኳ ያ ጣት ይንቀሳቀሳል።

በምረቃው ዕለት ቦኖውን ባርከው፣ ማይኩ ገና ከፊታቸው ሳይነሣ፣ የውኃ ባለሙያዋ ሶልያና ለመናገር ቆመች። ከደብረ ማርቆስ የመጣች፣ ፊቷ በቆላው ፀሐይ የተላጠ ወጣት ናት፤ ጉድጓዱ እንዲቆፈር ቦታውን የመረጠችው እርሷ ስትሆን፣ ማሽኑ ድንጋዩን ሲበሳ በሰነበተበት ጊዜ ሁሉ አጠገቡ ድንኳን ተክላ ነበር። ደስ ብሏት ነበርና ከተዘጋጀው ንግግር ወጣ አለች። ውኃው ውጭ አገር ተልኮ እንደተመረመረ፣ ዝናብ ሆኖ መሬት የነካውም ከዘጠኝ ሺህ ዓመት በፊት እንደሆነ ነገረቻቸው። ሰው ማጨብጨብ ጀመረ። የየኔታ አውራ ጣት አንጓ በአንጓ ወጣ፣ ወረደ፣ ቆመ። ፊታቸው እንደ ሕፃን ፊት በራ።

«እንግዲያውስ ከአዳም በፊት የዘነበ ነዋ» አሉ።

ለራሳቸው ነበር ያሉት። ማይኩ ግን ተቀበለና ለሜዳው ሁሉ አደረሰው። ጭብጨባው ከኋላ ጀምሮ ወደ ፊት እየሞተ መጣ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ አይናዲስ ከሴቶቹ መካከል ሆና ጠየቀች።

«የማን ነው ታዲያ?»

ጥያቄው በየቤቱ ገባ። አዳም ስም ያላወጣለት ውኃ ነው ተባለ። የጠጣ ሰው ስሙን ይረሳል ተባለ። ከብት ያጠጣ ሰው ከብቱ እረኛውን አይለይም፤ ሊጥ ያቦካችበት ሴት ሊጧ አይነሣም። አንዱ ቀልደኛ፣ ከአዳም በፊት ከሆነማ ግብር የሌለበት ነው፣ ሰፊ ዕቃ አምጡ ብሎ ነበር፤ እርሱም ቢሆን ዕቃ አላመጣም። የየኔታ ቃል በዚያ አገር እንዲሁ የሚታለፍ ቃል አይደለም። ፋሲካን የሚያውቅ ሰው ስለ ውኃ ዕድሜ ሊሳሳት ይችላል ብሎ ያሰበ አልነበረም።

የውኃ ኮሚቴው ሊቀመንበር አማረ ሁለት ጊዜ መጥቶ ለመናቸው። ሰው ካልተጠቀመበት ፓምፑና ሶላሩ ተነቅሎ ለሌላ ቀበሌ እንደሚሰጥ ተነግሮታል፤ የወሩ መጨረሻ ነው ቀጠሮው። የኔታ፣ አንድ ቃል ብለው ያስተርፉን፣ ቃልዎን መልሰው ይውሰዱት አላቸው።

«የቱን ልውሰድ? ዘጠኝ ሺሁን ነው ወይስ ሰባት ሺሁን?» አሉት።

አማረ ባዶ እጁን ተመለሰ።  የኔታ ራሳቸው ከዚያ ውኃ ገና አልቀመሱም ነበር፤ ፈርተው ነው ለማለትም ያስቸግራል። ነገሩ ሌላ ነው። ከምረቃው ወዲህ አንድ ነገር ሆኖባቸዋል። ከቀትር በኋላ፣ ተማሪዎቻቸውን አሰናብተው ከግቢው ጽድ ሥር አረፍ ሲሉ፣ ዐይናቸውን በከደኑ ቁጥር ይዘንባል። ያ ዝናብ ነው የሚዘንበው። ሰፊ አገር ላይ ይወርዳል፤ አገሩ ውስጥ ሰው የለም። ያሰጣሁት እህል ራሰብኝ ብሎ የሚሮጥ የለም። ጥጃ የሚያስገባ የለም፤ በር የሚዘጋ የለም፤ በር ራሱ የለም። ዝናቡ ሐምሌም አይደለም፣ ነሐሴም አይደለም፤ በማን በዓል ዋዜማ እንደዘነበ አይታወቅም፤ ዝም ብሎ ይዘንባል፣ ያባራል፣ ደግሞ ይዘንባል። ሣሩ ያድጋል፣ የሚያጭደው የለም። የኔታ በዚያ ዝናብ ውስጥ ቆመው አውራ ጣታቸውን ያነሣሉ፣ የሚያሳርፉበት አንጓ ያጣሉ። ሲነቁ ልብሳቸው ደረቅ ነው፤ አቧራው እንደ ወትሮው ነጭ ነው፤ ጆሯቸው ውስጥ ግን ጥቂት ያካፋል።

እንዲህ ባለ አንድ ቀትር ነው ልጃቸው ዘመናይ ከፊታቸው መጥታ የተቀመጠችው። የዘመናይ አራስነት ገና አላለቀም። የወለደችው ሴት ስለሆነች፣ ሰማንያ ቀን እስኪሞላት ከቤተ ክርስቲያን አጥር ውጭ ናት፤ ሰማንያው የሚሞላው ደግሞ በሚመጣው እሑድ ነው። ያን ቀን ሕፃኗ ክርስትና ትነሣለች። ሳትጠመቅ ከዚያ ቀን ያለፈች ሴት ልጅ ሰው በክፉ ዐይን ያያታል፤ እናቷንም እንቅልፍ አይወስዳትም።

ዘመናይ ነገር አታስረዝምም። በየትኛው ውኃ እንደሚያጠምቁላት ጠየቀቻቸው። በኩሬው ውኃ እንደሆነ ልጄን አልሰጥም አለች። ባለፈው ሳምንት የጎረቤቷ የማሬ ልጅ ከኩሬው ጠጥቶ ሆዱ አልቆም ብሎ፣ በቃሬዛ ወደ ቁይ ጤና ጣቢያ ሲወስዱት በደጇ አልፈዋል፤ የልጁን እግር አይታለች፣ ከቃሬዛው ጠርዝ ወጥቶ ሲወዛወዝ። የኔታ ችግር እንደሌለ፣ ለእሑድ ከቁይ በበቅሎ ንጹሕ ውኃ እንደሚያስመጡ ነገሯት።

«ለእሑድስ ከቁይ ያስመጣሉ። ለሰኞስ?»

ይህን ብላ ተነሣች። የኔታ ከተቀመጡበት ሆነው ሄዳ እስክትሰወር አዩዋት። ከዚያ አማረን አስጠሩና፣ ለዚያች የውኃ ባለሙያ ልጅ በስልክህ ደውልልኝ አሉት።

ሶልያና ሐሙስ ረፋድ ላይ መጣች። መኪናው መንገዱ ካለቀበት ቦታ አወረዳትና የቀረውን በእግሯ ወረደች፤ አንድ ሰው ከኋላዋ ረጅም የእንጨት ሣጥን ተሸክሞላት ነበር። ዐይኗን ከመሬት አላነሣችም። የኔታን ጉልበት ስማ፣ በዚያ ቀን አፌን ባልከፍት ኖሮ ይህ ሁሉ አይሆንም ነበር አለቻቸው።

«አፍሽን የከፈትሽው በእውነት ነው። ማይኩ ፊት የተቀመጥሁት እኔ ነኝ» አሏት። «አሁን ዘጠኝ ሺሁን አሳዪኝ። በቃል ሳይሆን በዐይኔ።»

ሣጥኑን ከጽዱ ሥር ከፈተችው። ከጉድጓዱ ውስጥና ከገደሉ ላይ የተለቀሙ፣ እንደ ጧፍ የተድቦለቦሉና እንደ ዳቦ የተገመሱ ድንጋዮች በየተራቸው ተኝተውበታል። ከላይ ወደ ታች በመሬቱ ላይ ደረደረቻቸው፤ የኔታም አጎንብሰው፣ መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አውርደው፣ አንድ በአንድ ያነሡ ጀመር።

መጀመሪያ ያነሡት ጥቁሩን ነው። እርሱን ያውቁታል፤ ደጋው ሁሉ የቆመው በእርሱ ላይ ነው። ሶልያና እሳት እንደነበር ነገረቻቸው፤ ምድር ተሰንጥቃ እንደ ገንፎ የፈሰሰች፣ ከዚያ የበረደች። በጥቁሩና በሌላው ጥቁር መካከል ግን አንድ ቀጭን ቀይ ነገር ነበር፤ በጣት ሲነኩት እንደ ሸክላ ስባሪ ነው። አፈር ነበር አለቻቸው። እሳቱ ፈስሶ ካበቃ በኋላ ረጅም ጊዜ አርፏል፤ በዚያ ዕረፍት ላይ ሣር በቅሎበታል፣ ዝናብ ወርዶበታል፣ አፈር ሆኗል። ከዚያ ሁለተኛው እሳት መጣና በላዩ ተኝቶ እንደ ጡብ ጠበሰው። የደጋ ምንጮች አብዛኞቹ የሚወጡት በእንዲህ ያለው ቀይ ላይ ነው፤ ውኃው ከላይ ሰርጎ ይመጣና እርሱን አልፎ መውረድ ሲያቅተው ወደ ጎን ይወጣል። የደረቀችው ምንጫቸውም እንዲሁ ነበረች።

የኔታ ቀዩን በእጃቸው ይዘው ቆዩ። ዕረፍቱ ምን ያህል ነው ብለው ጠየቁ። ሶልያና የሰው ዘር ሁሉ ዕድሜ ቢደመር አይደርስበትም አለቻቸው። የኔታ አልተከራከሩም። ቀዩን መልሰው ሲያስቀምጡት ግን እንደ እንቁላል በቀስታ ነበር።

ቀጥሎ ነጩ መጣ፤ መንደሩ ስሙን ያገኘበት የኖራ ድንጋይ። ሶልያና በጥፍሯ አንድ ቦታ አሳየቻቸው። ቅርፊት ናት፤ የጣት ጥፍር የምታህል፣ መስመሮቿ ሳይጠፉ ድንጋይ የሆነች። ባሕር ውስጥ የምትኖር ፍጥረት ቤት ነች።

«እዚህ?» አሉ የኔታ።

«እዚህ፤ የተቀመጥንበት ላይ።»

ዞር ብለው ሜዳውን አዩት። ቅጠላቸውን ያራገፉ ቁጥቋጦዎች፣ አህያ፣ ከሩቅ የአማረ የቆርቆሮ ጣሪያ። ቅርፊቷን ወደ ጆሯቸው አስጠጓት፣ ከዚያ በራሳቸው ሳቁ።

ከኖራው በታች ጀሶ ነበር። ይቅመሱት አለቻቸው፤ ቀመሱትና ፊታቸውን አጨማደዱ። ባሕሩ ሲደርቅ ከሥሩ የቀረ ነው። በዚህ ቆላ ውስጥ ከእጅ ጉድጓድ ሁሉ መራራ ውኃ የሚወጣውም በእርሱ ምክንያት ነው፤ መቆፈሪያው እርሱን ሲያልፍ በብረት ቱቦ ጋርደው ዘግተውበታል። ከሁሉም በታች፣ ከሁለት መቶ ሜትር በላይ ወርዶ፣ አንድ ቀላ ያለ አሸዋማ ድንጋይ ተኝቷል። ሶልያና ከያዘችው የላስቲክ ጠርሙስ ጥቂት ውኃ አንጠበጠበችበት። ጠብታው ጥቂት ቆመ፤ ከዚያ ድንጋዩ ዋጠው። የኔታ ጠርሙሱን ተቀበሏትና ራሳቸው አንጠበጠቡ። ደግመው አንጠበጠቡ። ድንጋይ ሲጠጣ አይተው አያውቁም ነበር።

ታሪኩን የነገረቻቸው ያን ጊዜ ነው። ከብዙ ሺህ ዓመት በፊት ሰማዩ ሌላ እንደነበር፣ ክረምቱ ረጅም እንደነበር፣ ዛሬ አሸዋ ብቻ የሆነው ሰሐራ እንኳ ሐይቅና ሣር እንደነበረው። ያ ዝናብ በየስንጥቁ ገባ፣ ቀዩን በጎን ዞረ፣ ነጩን አለፈ፣ አሸዋው ውስጥ ተኛ። ከዚያ ሰማዩ ተለወጠ፤ ዝናቡ ወደ ኋላ ሸሸ፣ ቆላው ደረቀ። ከዚያ ወዲህ የዘነበው ያን ያህል አይደርስም፤ እዚያ ድረስ መውረድ አልቻለም፣ ወይም ገና በመንገድ ላይ ነው።

«ገና በመንገድ ላይ» አሉ የኔታ፣ ቃሉን በአፋቸው ውስጥ እያዞሩት።

«ስለዚህ የኔታ፣ ቀስ ብሎ መቀዳት አለበት። እኛ የምንጨርሰውን የሚተካው ቶሎ አይደርስም።»

ይህን ካለች በኋላ ጉሮሮዋን ጠረገች። አንድ ሌላ ነገር አለ አለች። ያ ዘጠኝ ሺህ የተባለው ቁጥር እንዳለ የሚወሰድ አይደለም። ውኃው በኖራው ውስጥ ሲያልፍ የድንጋዩ አሮጌነት ይሟሟበትና ይቀላቀላል፤ መለኪያው የውኃውንና የድንጋዩን ለይቶ አያውቅም። ድንጋዩ ለውኃው ዕድሜ አበድሮታል ማለት ነው። ያ ሲቀነስ ወደ ስድስት ሺህ ሊወርድ ይችላል። ስድስት ሺህ ከሆነ ደግሞ፣ አለችና ቃሉን ሳትጨርስ ተወችው።

የየኔታ አውራ ጣት ጨረሰላት። ከአዳም በኋላ ነው። በደንብ ይገባል፤ ከሺህ በላይ ዓመት እንኳ ይተርፋል።

«እውነቱ የቱ ነው?»

«አላውቅም። ከሁለቱ መካከል የሆነ ቦታ ነው።»

«የሚስማማዎትን ይምረጡ ነው የምትዪኝ?»

ሶልያና ፊቷ ቀላ። «ሰው እርስዎን ይሰማል፤ ፓምፑም አይነቀልም» አለች በቀጭን ድምፅ።

የኔታ አልተቆጧትም። ፋሲካን ለእርሻዬ በሚመቸኝ ቀን ባውለው ኖሮ እስከ ዛሬ ብዙ ጤፍ ባስገባሁ ነበር አሏትና ሳቀች። ሣጥኗን እንድትተውላቸው ጠየቋት፤ እሑድ ድረስ ተወችላቸው።

ሆኖም ያ ስድስት ሺህ ከእርሳቸው ጋር ወደ ቤት ሄደ። መንገዱን ሁሉ በአፋቸው ውስጥ ነበር፤ እንደ ከረሜላ። ምን አለበት? ባለሙያዋ ራሷ ሊሆን ይችላል ብላለች። እሑድ ቆመው፣ ወገኖቼ፣ በሚገባ ሲሰላ ስድስት ሺህ ነው ቢሉ፣ መንደሩ ያን ዕለት በቦኖው ላይ ይሰለፋል። የሚጠይቃቸው አይኖርም። ማንም ጠይቋቸው አያውቅማ። እርሳቸውን ያስፈራቸውም ይኸው ነው።

ዘመናይ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ሕፃኗን ታጠባ ነበር። አጠገቧ ተቀመጡና መላ እንደተገኘ ነገሯት፤ ስለ ኖራው ብድርና ስለ ስድስት ሺሁ። እርሷ እስኪጨርሱ ሰማቻቸው፤ በመካከሉ የልጅቷን ከንፈር በጣቷ ጠረገች።

«አባ፣ እኔ ከተመረቀበት ማግስት ጀምሬ እየጠጣሁት ነው» አለች።

የኔታ አልገባቸውም። ደግማ ነገረቻቸው። በዚያ ሙቀት የምታጠባ ሴት ምን ያህል እንደሚጠማት እርሳቸው አያውቁም። ወደ ሸለቆው ለመውረድ ጉልበቷ ገና አልጸናም፤ ሴቶቹ ከኩሬው የሚያመጡላት ደግሞ ቀለሙን አይታ ደፋችው። ቀትር ላይ ሰው ሁሉ ጥላ ሲፈልግ እርሷ ማሰሮዋን በነጠላዋ ሸፍና ወደ ቦኖው ትሄዳለች። የሰረቀች ይመስላታል፤ ግን ትሄዳለች።

«ጡቴ የሞላው በእርሱ ነው። ይቺም የጠጣችው እርሱን ነው። ከአዳም በፊት ከሆነ የልጅ ልጅዎም ከአዳም በፊት ናት፤ እንግዲህ ይቁጠሯት።»

ሕፃኗ ጡቱን ለቀቀችና፣ ወተት በአገጯ እየወረደ፣ አያቷን አየቻቸው። ዐይኖቿ ገና የሚይዙትን የማያውቁ፣ ጥልቅና ጥቁር ናቸው። የኔታ እጃቸውን ዘረጉ። ጭብጥ ብላ የተያዘች ትንሽ እጇን በጣታቸው ከፈቷት፤ ውስጧ እርጥብ ነበር። ያ ሁሉ ዝናብ፣ ያ የሚቀበለው አጥቶ በሰፊው አገር ላይ ሲወርድ የኖረ፣ እሳቱን ዞሮ፣ ባሕሩን አልፎ፣ መራራውን ሸሽቶ፣ እዚህ መዳፍ ላይ ወዝቷል።  ፀሐዩ ከደጃፉ ወደ ግድግዳው ወጣ።

«ውኃው ምን ምን ይላል?» አሉ በመጨረሻ።

ዘመናይ አሰበች። «ዝናብ ዝናብ ይላል» አለች።

እሑድ ቅዳሴ ካበቃ በኋላ ሰው ወደ ቤቱ አልሄደም። ከክርስትና ቤቱ ውጭ ለአንዲት ሕፃን ከሚመጣው በላይ ሕዝብ ቆመ፤ የመጣው ልጅቷን ለማየት ሳይሆን ውኃውን ለማየት ነው። በሩ አጠገብ ሁለት ጀሪካን ተቀምጧል። አንዱን ያመጣችው አይናዲስ ናት። የሕፃኗ ክርስትና እናት እርሷ ስለሆነች፣ ማለዳ ተነሥታ ከኩሬው ቀድታ፣ ሦስት ጊዜ በነጠላዋ አጥልላዋለች። ሁለተኛውን ያስቀመጠችው ዘመናይ ናት። ከቁይ የሚመጣው በቅሎ አልተላከም ነበር። ዲያቆኑ በሁለቱ መካከል ቆሞ የኔታን ያያል።

የኔታ ልብሰ ተክህኖውን እንደለበሱ ደጃፉ ላይ ወጡ። ማይክ አልነበረም፤ ድምፃቸውም ትልቅ አይደለም፤ ሰው ተጠጋ።

«በምረቃው ዕለት የተናገርሁት ስሌት ነው፤ ብይን አልነበረም። እናንተ ብይን አድርጋችሁ ወሰዳችሁት፤ እኔም አይቼ እንዳላየ ዝም አልሁ። አሁን ስሌቱን ልለውጥላችሁ እችል ነበር፤ የሚለወጥበት መንገድ ተነግሮኛል። አልለውጠውም። ዘጠኝ ሺህም ሊሆን ይችላል፣ ስድስት ሺህም። እኔ አላውቅም።»

ሰው ተያየ። የኔታ ስለ ዓመት ሲጠየቁ አላውቅም ሲሉ የሰማ አልነበረም። አንድ ሽማግሌ ያልሰሙ መስሏቸው አጠገባቸው ያለውን ምን አሉ ብለው ጠየቁ።

«የማን ነው ብላችሁ ነበር። ይቺ ልጅ ከዚህ ውኃ በእናቷ ጡት ስትጠጣ ሰንብታለች። ሥጋዋ ላይ ያለው እርሱ ነው። የአዳም ልጅ አይደለችም የሚል ካለ አሁን ይናገር፤ ከዚያ በኋላ ገብቼ ላጥምቃት።»

ነፋሱ የጽዱን ቅርንጫፍ አንሾካሾከ። ማሬ፣ ልጇ ገና ከጤና ጣቢያ የተመለሰላት፣ ነጠላዋን ወደ አፏ ወሰደች።  አይናዲስ ከሴቶቹ መካከል ወጣች።

«እኔ ክርስትና እናቷ ነኝ፤ እሷን የሚነካ በእኔ በኩል ነው የሚያልፈው» አለች። ከዚያ ጎንበስ ብላ የራሷን ጀሪካን ከበሩ ገለል አደረገችና አጉረመረመች። «ይህን የሚሉ ከሆነ ያን ሁሉ ቁልቁለት በጨለማ ለምን አስወረዱኝ?»

ሳቁ ከሴቶቹ ጀምሮ ወደ ወንዶቹ ሄደ። ዲያቆኑ ሁለተኛውን ጀሪካን አነሣ።

ውስጥ ጸሎቱ ረዘመ። የኔታ ውኃውን ሲባርኩ ከወትሮው ቀስ ብለው ነበር፤ አንዳንድ ቦታ ላይ ድምፃቸው ይጠፋና ይመለሳል። ሕፃን ሁሉ ውኃ ሲነካው ይጮኻል፤ የደረቀችው ምንጭ እንደ በረዶ ስለነበረች፣ ከክርስትና ቤቱ ጩኸት ሳይሰማ የቀረበት ጊዜ አይታወስም። ይህ ግን ከጥልቅ የመጣ፣ የምድርን ሙቀት የያዘ ውኃ ነው። ልጅቷ ስትነከር ደንገጥ ብላ እጆቿን ዘረጋች፤ አፏን ከፈተች፤ ልታለቅስ ነው ሲሉ ተወችው። በሦስተኛው ዐይኖቿን ገርበብ አድርጋ ዝም አለች። ወለተ ሚካኤል ተባለች። ውጭ የቆሙት ጩኸቱን ሲጠብቁ ቆይተው፣ አለመሰማቱ ሲያስጨንቃቸው፣ አይናዲስ ሕፃኗን በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ ብቅ አለች። ያን ጊዜ እልል አሉ።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ አማረ ቦኖውን ከፈተ። ሶልያና ያለችውን የኔታ ለሰዉ ነግረዋል፤ ጠዋትና ማታ ብቻ እንዲከፈት፣ ከብት እንዳይታጠብበት፣ ከእኛ በኋላ የሚመጡትም ድርሻ እንዳላቸው። ለዛሬ ግን የቀኑ ሰዓት አልተጠበቀም። ጀሪካኖቹ ቢጫ፣ ሰማያዊ፣ የተሰነጠቀና በላስቲክ የታሰረ፣ ከቦኖው ጀምሮ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ድረስ ተሰልፈዋል። አይናዲስ ተራዋን ለማስቀደም የክርስትና እናትነቷን እያነሣች ትከራከራለች። ማሬ ልጇን ጀርባዋ ላይ አዝላ ከፊቷ ቆማ አልሰማም ትላታለች።

የኔታ የጥምቀቱን ውኃ፣ ሥርዓቱ እንደሚለው፣ እግር በማይረግጠው ቦታ አፍስሰው ከግቢው ወጡ። ሣጥኑን ለመውሰድ የመጣችው ሶልያና ከሰልፉ ራቅ ብላ ቆማ ነበር፤ ሊያናግሯት አሰቡ፣ ግን እያየች ያለችውን ነገር እንዳያቋርጡባት ተዉት። ትንሽ ቅል ይዘው ከሰልፉ መጨረሻ ቆሙ። ሴቶቹ አዩዋቸውና ተረበሹ፤ ይለፉ የኔታ፣ እርስዎ እዚህ አይቆሙም አሏቸው። አላለፉም። ፀሐይ ወደ ዓባይ ማዶ ትወርዳለች፤ የገደሉ ጥላ ሜዳውን እየሸፈነ ይመጣል፤ ውኃው ጀሪካን ሲሞላ ድምፁ ከወፍራም ወደ ቀጭን እየወጣ ይቆማል፣ ከዚያ በሌላ ጀሪካን ውስጥ ከወፍራሙ ይጀምራል።

ተራቸው ሲደርስ ሴቶቹ ገለል አሉላቸው። የኔታ ቅሉን ትተው መዳፋቸውን ዘረጉ፤ ውኃው ሞላውና በጣቶቻቸው መካከል ሾልኮ ወረደ። ጠጡ። ሰው ሁሉ ፊታቸውን ያያል።

«እህ፣ ምን ምን ይላል?» አለች አይናዲስ።

የኔታ ጢማቸው እየተንጠባጠበ መዳፋቸውን ደግመው ዘረጉ።